ሱፐርቫይዘሬና የእማማ ጉርሻ

ሜሪላንድ ውስጥ በአፕላይድ ቢሄቪየር አናሊሲስ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ዘመድ "ምንድነው እሱ?" ሲለኝ "ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር መሥራት" ብዬ አሳጥረዋለሁ። ዲግሪው ብቻውን ለፈቃድ ፈተናው አያስቀምጥም። በሱፐርቫይዘር ክትትል እስከ 2,000 ሰዓት የሚደርስ የተግባር ልምምድም አለው።

አማርኛ ስለምችል ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሐበሻ ቤት ተመደብኩ። ስለ ልጁ ብዙ አላወራም፣ ምስጢር ነው። ደግሞ እሱ ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገሩኝ አያቱ ናቸው።

እማማ የልጅ ልጃቸውን ሊጠብቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። እሳቸው ቤት ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ ሰው የለም። የሙያችን የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ከደንበኛ ከ10 ዶላር በላይ ስጦታ መቀበል አይፈቅድም። ድሮማ ጭራሽ ክልክል ነበር፤ ይቺ 10 ዶላር ራሷ የመጣችው በ2022 ነው። ለእማማ ባስረዳቸው "ይሄን ያወጣው ሰውዬ እናት የለውም?" አሉኝ።

ሱፐርቫይዘሬ ፈረንጅ ነው፣ መፍትሔ አያጣም። "ምግቡም ስጦታ ነው። በትህትና እምቢ በይ፣ ጽኚ፣ ይተዉሻል" አለኝ። ከዚያ ሥራዬን ሊገመግም አብሮኝ መጣ።

እማማ ዶሮ ወጡን በትሪ ይዘው ብቅ አሉ። "አመሰግናለሁ፣ አልበላም" አለ። ልመናው ባሰ። "ኤክስቲንክሽን በርስት ነው" ብሎ ሹክ አለኝ። የለመድነውን ነገር ስንከለከል መጀመሪያ ይብስብናል፣ ሊፍት አልመጣ ሲል ቁልፉን ደጋግመን እንደምንጫነው። "ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል።"

አልበረደም። "በሞቴ! አፈር ስሆን!" አሉ እማማ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥፋቱ የእኛ የእንግዶች ነው። አንዳንዴ በሁለተኛው ልመና፣ አንዳንዴ በአምስተኛው እሺ እንላለን። ፈርስተርና ስኪነር በ1957 ያሳተሙት የርግብ ጥናት ላይ ይሄ አለ፦ እህሉ በስንተኛው ንቁሪያ እንደሚመጣ የማታውቅ ርግብ መንቆሯን አትተውም። እማማን ደግሞ የሐበሻ እንግዳ ዕድሜ ልካቸውን አሠልጥኗቸዋል።

ሰውዬው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ስህተቱ እሱ ነው። እማማ ለዚያ የሚሆን ጉርሻ አዘጋጅተው ነበር።

"አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ያን ጊዜ ልጁ ተነሳ። ሲበቃው እንዲያሳይ ያስለመድነውን "ጨርሻለሁ" የሚል የሥዕል ካርድ ከደብተሩ ላይ ነቅሎ ሱፐርቫይዘሬ እጅ ላይ አስቀመጠለት። ማንም ሳያዘው፣ በራሱ! ወረቀቴ ላይ መመዝገብ ሲገባኝ በሳቅ እስክሪብቶው ወደቀብኝ። ሰውዬው ካርዱን ለእማማ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ደግሞ በካርድ መጣብኝ!" ብለው ሦስተኛውን ጠቀለሉ።

መኪና ውስጥ ውሃውን ጨርሶ ሲተነፍስ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ይሄ ምግብ፣ ምግብ ቤት ቢሸጥ ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። ዝም አልኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ዶሮ ወጥ በ10 ዶላር ከየት ይመጣል? በማግስቱ ለእማማ ስልክ ደውሎ፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ የ10 ዶላሩን ነገር በዝርዝር አስረዳቸው። እማማ በጥሞና አዳመጡት። "ገባኝ ልጄ፣ ሕግ ሕግ ነው" አሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስወጣ በር ላይ ሁለት ሳህን ምግብ ታሽጎ ጠበቀኝ። የእኔ ክዳን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ "9 ዶላር ከ50" ተጽፏል። "ይሄኛው የዚያ የፈረንጁ ነው፣ ሥጋ ጨምሬበታለሁ" አሉኝ። የእሱ "9 ዶላር ከ99" ይላል።