ቮልሴ የፈለገችው ጉልበት ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ሞተር ነበር

ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1969 ሥሪት ናት። ሞተሯ በተለምዶ 1500 የሚባለው ነው፤ በትክክል ሲለካ 1493 ሲሲ፣ 44 የፈረስ ጉልበት። ጥሩ ሞተር ነው። ግን ቫልቭ ባስተካከልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኝ ጀመር። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተት ሁሌ ጠቦ ነው የማገኘው። ሌሎቹ ሰባቱ ባስቀመጥኳቸው ልክ አሉ። እሱ ብቻ ይጠብባል።

የፋብሪካው ልክ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ያውም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይንጫጫል፤ ሰውም ይደነግጣል። ሲጠብ ጸጥ ይላል፤ ሰውም ደስ ይለዋል። መደንገጥ የሚገባው ግን በሁለተኛው ነው። የጭስ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው። ክፍተት ካጣ በደንብ አይዘጋም። ካልተዘጋ አይቀዘቅዝም። ካልቀዘቀዘ ይቃጠላል። ተስተካክሎ መልሶ መላልሶ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ወይ የቫልቩ ዘንግ እየተሳበ ነው፣ ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው። ዘንጉ ተስቦ ተስቦ አንድ ቀን የቫልቩ ጭንቅላት ይቆረጥና ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ከሞተሩ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ለምን ሦስተኛው? ቮልስ ውሃ የላትም። የሚያቀዘቅዟት አየርና ዘይት ናቸው። ከዲናሞው ጋር አብሮ የሚዞረው ፋን አየሩን በላሜራ ቤቱ ውስጥ አድርጎ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይገፋል። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው እዚያው ላሜራ ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛው የሚደርሰው አየር በማቀዝቀዣው አልፎ የሞቀ ነው፤ መጠኑም ያንሳል። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር። በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገድ አንስቶ ከላሜራ ቤቱ ኋላ ለብቻው ቤት ሠራለት፤ የሞቀው አየርም በራሱ መንገድ እንዲወጣ አደረገ። ፋኑንም ሰፋ አደረገው። የእኔዋ የተሠራችው ከዚያ በፊት ነው።

ሞተሩን ላወርደው መሆኑን የሰማ የቮልስ ወዳጅ ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፤ «ካወረድከው አይቀር አሳድገው!» ስሌቱ ያጓጓል። የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ምት፣ ማለትም ፒስተኑ የሚጓዘው ርቀት፣ 69 ሚሊሜትር እንዳለ ሆኖ የሲሊንደሩን ስፋት 90.5 ብታደርገው 1776 ሲሲ ይሆናል። 92 ብታደርገው 1835። እንደዚህ ተሠርተው ቆንጆ የሚሄዱ ቮልሶች አይቻለሁ፤ የሠሯቸውንም ሰዎች አከብራለሁ። ግን ለዚያ ብሎኩም ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) መቦርቦር አለበት። ሳይቦረቦር የሚገባው የ88 ሲሊንደር ደግሞ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲግል ክብነቱን ያጣል። ከሁሉ በላይ፣ የተጨመረ ጉልበት የተጨመረ ሙቀት ነው። በሙቀት ታማ ያወረድኳትን ሞተር የበለጠ የሚያግላት ነገር ጨምሬ ልመልሳት አልፈለግሁም።

የወሰንኩት ፋብሪካው ራሱ በኋላ የደረሰበት ላይ ላደርሳት ነው። የ1600 ሲሊንደርና ፒስተን፣ 85.5 ሚሊሜትር፣ በ1500 ብሎክ ላይ ምንም ሳይቦረቦር ቁጭ ይላል። 1584 ሲሲ ይሆናል። ከላዩ ባለ ሁለት ቀዳዳው ቴስታታ ይመጣል፤ በድሮው ሁለት ሲሊንደሮች በአንድ የቤንዚን መግቢያ ሲሻሙ ነበር፣ በዚህኛው ለየራሳቸው አላቸው። ከዚያ የ1971ዱ የዘይት ማቀዝቀዣ ከነላሜራ ቤቱና ከነፋኑ። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሰጠው ቁጥር 50 የፈረስ ጉልበት ነው። በወረቀት የምታገኘው ስድስት ፈረስ ብቻ ማለት ነው። ለእኔ ይበቃኛል።

ከመበተን በፊት ማንም በባዶ እጁ ሊያደርገው የሚችል አንድ ምርመራ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ መልሳችሁ ግፉት። ምንም ካልተሰማችሁ እሰየው። «ቋ» ብሎ ከመታ የክራንክ ሻፍቱ የፊትና የኋላ ልቅ ከልክ አልፏል። ትክክለኛው ልቅ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ በእጅ አይታወቅም። የእኔው በጆሮም ይሰማ ነበር። ያገለገለ ቮልስ ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ሞተሩን ማውረድ ራሱ ቀላል ነው። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። የቤንዚን ቱቦውን፣ የነዳጅ መስጫውን ካቦ፣ ሽቦዎቹንና የማሞቂያ ቱቦዎቹን ትፈታለህ። ከሥር ክሪክ ትደግፋለህ። ወደ ኋላ ትስባለህ፤ ከፍሪሲዮኑ ሲላቀቅ ታወርዳለህ። እንደዚህ ለሠሪው የታሰበለት መኪና ብዙ አላውቅም።

ቴስታታው ሲነሳ የጠበቅኩትን አገኘሁ። በሦስተኛው በኩል ከካንዴላው ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ቫልቩ መቀመጫ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ። በዚያው በኩል ቴስታታውን ከያዙት ረጃጅም ቡሎኖች አንዱ የብሎኩን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ደርሷል። ብሎኩ ከመሃል ለሁለት የሚከፈል ነው። ስከፍተው የመሃለኛው ብሮንዚና (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ትራስ) በመቀመጫው ላይ ሲመታ ኖሮ አስፍቶታል።

ሁለቱን ግማሽ ይዤ ሬክቲፊካ (የሞተር ክፍሎችን በማሽን መቦርቦርና ማስተካከል) ወደሚሠራ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ሄድኩ። አገላብጦ አያቸውና «ልጄ፣ ይሄ ማግኒዥየም ነው። እንደ ብረት ብሎክ አትየው» አለኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉኝን ነው የምሠራው» አልኩት። የነገረኝ ይህን ነው፤ የማግኒዥየም ቅይጥ ሲሞቅ ይለቃል፣ ቡሎኖቹም ጥርሱን ነቅለው ይወጣሉ። ስለዚህ ጥርስ ያጣው አንዱ ቢሆንም በሁሉም ቀዳዳዎች ውስጥ የብረት ጥርስ ያለው እጅጌ ይግባበት አለ። የብሮንዚናዎቹን መቀመጫ በአንድ መስመር ቦርቡሮ በ0.50 ሚሊሜትር አሰፋው። ክራንክ ሻፍቱን በ0.25 ሚሊሜትር አሳነሰው። ቢዬላዎቹን (ፒስተኖቹን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዙትን ክንዶች) አንድ በአንድ መዝኖ ክብደታቸውን አስተካከለ፤ ክራንክ ሻፍቱን፣ ቮላኖውን (ጫፉ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት) እና ፍሪሲዮኑን አንድ ላይ አድርጎ ባላንስ ሠራ። ይህ ሁሉ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ማንም የማያየው ሥራ ነው። ቮልሱን ለማሳደግ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ከካርቡራተርና ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) በፊት እዚህ ላይ አውጣው እለዋለሁ።

ብሎኩ ባዶውን ሳለ ያሠራሁት ሌላው ነገር የዘይት ፊልትሮ ነው። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ፊልትሮ የላትም። ያላት ወንፊት ነው። ወንፊት ጠጠር ይይዛል እንጂ የደቀቀ ብረት አይይዝም። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ያው ትንሽ ዘይት ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ያለሰልሳል ያቀዘቅዛልም። ቀዳዳ ያለው የዘይት ፖምፓ ክዳን ይገጠምና ከፖምፓው የሚወጣው ዘይት በውጭ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል፤ ተጣርቶ ደግሞ ወደ ዋናው የዘይት መስመር ይመለሳል። ለዚያ መመለሻ ብሎኩ መበሳትና ጥርስ መውጣት አለበት። ይህ የሚሠራው በተበተነ ብሎክ ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱም የዘይት መስመሮቹ ጫፍ ላይ ያሉት ታፖዎች (መድፈኛዎች) ወጥተው ውስጡ በብሩሽና በአየር ካልታጠበ መብሻው የተወው ብረት በመጀመሪያው ማስነሻ ብሮንዚናው ውስጥ ይገባል።

ስገጥም ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ያንኑ የፊትና የኋላ ልቅ ነው። በቮላኖውና በፊተኛው ብሮንዚና መካከል ሦስት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፤ የሚቀያየረው ውፍረታቸው ነው። መጀመሪያ ሁለት ብቻ አድርገህ ቮላኖውን ታስራለህ። የመለኪያ ሰዓቱን ጫፍ ቮላኖው ላይ አሳርፈህ ክራንክ ሻፍቱን ትገፋለህ፤ ትስባለህ። መርፌው የሚያሳይህ ቁጥር ላይ 0.10 ትቀንሳለህ። የቀረው የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። ቀለበቶቹን በማይክሮሜትር ለክቼ ትክክለኛውን መረጥኩ፤ ቮላኖውን ፈታሁ፤ ሦስቱንና ፓራዮሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) ከተትኩ። ከዚያ ባለ 36ቱን ትልቁን የቮላኖ ቡሎን ወደ 300 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ። ለዚህ ረጅም ቱቦና የሚይዝልህ ሰው ያስፈልጋል። እንደገና ስለካ መርፌው 0.10 ላይ ቆመ። ፈታሁ አሰርኩ ሳይሉ ይህን ቁጥር በትዕግሥት ማግኘት ደስ ይላል።

የተቀረው በመመሪያው መሠረት ሄደ። የካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ጥርስ ላይ ያለችው ነጥብ በክራንክ ሻፍቱ ጥርስ ሁለት ነጥቦች መካከል መግባት አለባት። የብሎኩ ሁለት ግማሾች ጓርኒሲዮን የላቸውም፤ ስስ ማጣበቂያ ብቻ ነው። የቴስታታው ዳዶዎች በተራ በተራ፣ በቶርክ ሬንች፣ በ32 ኒውተን ሜትር ይቆማሉ። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ብሎኩን መጉዳት ነው።

ስለ ላሜራው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቮልስ ውስጥ በጣም የተናቀው ክፍል እሱ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ አውልቆ ጥሎታል። የአየር መዝጊያዎቹንና የሚያንቀሳቅሳቸውን ቴርሞስታትም እንደዚሁ። የሞተሩ ቤት ላይኛው ክፍል ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ታችኛው ትኩስ አየር የሚወጣበት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ያ ላሜራና ያ ጎማ ነው። ጎማው ከሌለ ፋኑ ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ ሞተሩ በራሱ ትኩሳት ይቀዘቅዝ ማለት ነው! ቴርሞስታቱም ትርፍ ዕቃ አይደለም። ሞተሩ ሲነሳ አየሩን ዘግቶ ቶሎ ያሞቀዋል፤ 65 እና 70 ዲግሪ መካከል ሲደርስ ይከፍታል። አውልቆ የጣለው ሰው ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ አስቦ ይሆናል። ያተረፈው ግን ቀዝቅዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ሲሊንደሩና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ የሚበላ ሞተር ነው። ሁሉንም ፈልጌ መልሼ ገጠምኩ። የጎደለ አንድ የላሜራ ቪት እንኳ የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳቴ በፊት ካንዴላዎቹን አወጣሁና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዞርኩት። አዲስ ካም ሻፍት ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት) ላይ አይተውም፤ እንደተነሳ 2000 ዙር ላይ አድርገህ ሃያ ደቂቃ ያህል ታቆየዋለህ፤ ያኔ ነው ካሙና የሚገፋቸው ታፔቶች የሚላመዱት። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን አለበት። ከዚያ ዘይቱን ቀየርኩ፤ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ቫልቮቹን እንደገና አስተካከልኩ።

አሁን ዳገት ላይ ማርሽ ሳልቀንስ የምወጣባቸው ቦታዎች አሉ። የዘይት መብራቱ ሞተሩ ግሎ ሚኒሞ ላይ ሲቆም አይርገበገብም።

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በተመለከተ ብዙ ሰው 009 የሚባለውን ይገጥማል፤ ዋጋው ስለማይከብድና ስለሚያምር ይመስለኛል። እሱ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ) የሚያስቀድመው በዙር ብቻ ነው፣ ቫኩም የለውም። ከ34 ፒክት 3 ካርቡራተር ጋር ሲሆን ነዳጅ ስትረግጥ መጀመሪያ ላይ ይደናቀፋል። እኔ ባለ ቫኩሙን አስቀርቼ ፑንቲናውን (እሳቱን የሚያቋርጠውን መገናኛ) ብቻ በኤሌክትሮኒክ ቀየርኩት። ከቆመበት ስረግጠው ሳያመነታ ይነሳል። ማርሚታው የድሮው ነው፤ አልነካሁትም። ቀጣዩ ሥራ የካምቢዮው ፓራዮሊዮ ነው፤ ከጎኑ ትንሽ ማላብ ጀምሯል።