ለባለቤትዎ የመጀመሪያ ብስክሌት ሲገዙ

ከዋጋው በፊት ቁመት ይቅደም። የላይኛውን ብረት በእግሮቿ መሃል አድርጋ ስትቆም 3 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ካልተረፈ ይተዉት። ብረቱ ወደ ታች የወረደው ዓይነት ለቀሚስም ይመቻል። ከኋላ ሞላ ያለው ርካሽ ብስክሌት ለዓይን ያምራል እንጂ ከባድ ነው፤ ይቅርብዎ።

ያገለገለ ከሆነ ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩ። ጥቂት የተወላገደ ቸርኬ ሽቦውን በማጥበቅ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ ፊት ይሳቡት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል፣ የአዲሱን ካቴና ሒሳብ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ለመልመጃ መቀመጫውን ሁለት እግሯ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርገው ፔዳሎቹን በ15 ሚሊሜትር ቁልፍ ይፍቱ። የግራው ፔዳል የብሎን ክር ተገላቢጦሽ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ካልዞረ ይብሱን ይጠብቃል። መሬት እየገፋች ሚዛን መጠበቅ ስትችል ይመልሷቸው፤ ግራና ቀኙ ከተለዋወጠና በግድ ከገባ ክሩ ይበላል።