ገና በ28

በ2015 ክረምት ኢንተርንሺፕ የወጣሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ወደነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ነው። የማርኬቲንግ ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ሲደርሳቸው ለእኔ የቀለም ሽታ ደረሰኝ። ሳምንት ያህል አኩርፌያለሁ። ግቢው ዛሬ የለም፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄደ።

ባለቤቷን ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ ወረቀት አቅራቢውም። አባታቸው አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ እትዬ ሲያወሩለት ግን የአባታቸው ቤት ነው የሚመስለው። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ መስመሩን ገልብጠው የሚደረድሩ ሰዎች መሀል ነው ያደጉት። «አባቴ ከቀናው ይልቅ የተገለበጠው ጽሑፍ ይቀለው ነበር» ይላሉ።

ቁጭ ብለው አስተምረውኝ አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሪም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ይሄ ስንት ነው?» አሉኝ። «500» አልኩ። «ቁጠሪው» አሉ። ቆጠርኩ። 500 ነው። «አሁን አወቅሽ» ብለውኝ ሄዱ። በሆዴ፣ ሴትዮዋ ቀልደኛ ናቸው አልኩ። የማርኬቲንግ ተማሪ ወረቀት ቁጠሪ ሲባል ሌላ ምን ይላል?

ነሐሴ ሲገባ ማተሚያ ቤት ሰርግ ቤት ይሆናል። ካላንደር፣ አጀንዳ፣ የመልካም አዲስ ዓመት ካርድ፤ ሁሉም ደንበኛ «ለጳጉሜን ድረሱልኝ» ነው የሚለው። ሰንጋ ተራ ካሉት ፎቆች በአንዱ ያለ ባንክ 2,000 የጠረጴዛ ካላንደር አዘዘን። ዲዛይነራችን ሥራ በዝቶበት ስለነበር የአምናውን ፋይል ከፍቶ «ቀኖቹን አስተካክይና መልሽልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ካላንደሩ እንደምታውቁት ዓይነት ነው። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ቀን ጥግ ላይ በትንሹ። የሳምንቱን ቀናት አዛወርኩ፤ መስከረም 1 ማክሰኞ ላይ ዋለ። ከዚያ ወደሚንቀሳቀሱት በዓላት ዞርኩ። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ሚያዝያ 27። ለመውሊድ፣ ለኢድ አልፈጥርና ለአረፋ የጓደኛዬን አባት ሁለቴ ደወልኩላቸው። ከሥሩም «በጨረቃ መታየት ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር ጨመርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በራሴ ኮራሁ።

የማይንቀሳቀሱትን እንዳሉ ተውኳቸው። መስቀል 17፣ ገና 29፣ ጥምቀት 11። ይሄን ማን ይጠይቃል? ትንንሾቹን የፈረንጅ ቁጥሮችም አልነካኋቸውም። ዲዛይነሩ «ጳጉሜን 6ን አጥፊያት፣ የ2016ቷ ጳጉሜን 5 ናት» አለኝ፤ አጠፋኋት። ያቺ አንድ ቀን ከጠፋች በኋላ የት እንደሄደች ግን አልጠየቅኩም።

ፕሩፉ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት የሚታረመው ናሙና፣ ወጣ። እኔ ፈረምኩ። እትዬ ፈረሙ። ባንኩም «ይታተም» ብሎ ፊርማና ማኅተም አድርጎ መለሰልን። ሥራው ማሽን ገባ።

ነሐሴ 24፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ። 2,000ው ታትሞ አልቋል፤ 600 ያህሉ ስፓይራል ገብቶለታል። አንዱን ይዤ በር ላይ ላሉት ጥበቃ፣ ለአባባ፣ ላሳያቸው ሄድኩ። ጉራ ነው፣ ሌላ አይደለም። አባባ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቆሎ ተማሪ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡ። ታኅሣሥ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ገናን በ29 አደረግሽው።»

«አዎ አባባ፣ ገና እኮ በ29 ነው።»

«የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዮሐንስ ገና በ28 ነው።»

መጀመሪያ ያረጁ ሰው ተሳስተው መሰለኝ። እሳቸው ግን ጣታቸውን እያጠፉ አስረዱኝ። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። እኛ አንድ ቀን ስንጨምር የእኛ መስከረም ከፈረንጆቹ በአንድ ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። ገናንም አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመልሱት ለዚህ ነው። የእኔ ካላንደር ላይ መስከረም 1 ከጎኑ 11 ይላል። በየቀኑ፣ በየቅጠሉ፣ አንድ አንድ ቀን ስቷል።

ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ቁጥር ማን ያያታል? ግን ባንክ ነው። ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ሰው ያቺን ትንሽ ቁጥር እያየ ነው ቀን የሚቆርጠው። ገናውስ? አገር ያየዋል።

እትዬ ቢሮ ገባሁና ነገርኳቸው። ማን እንደሠራው አልጠየቁኝም። «ስፓይራል የገባለት ስንት ነው?» አሉ። 600። «ስህተቱ እስከ የትኛው ወር ነው?» አላውቅም። «ሂጂ አውቀሽ ነይ።»

ወደ አባባ ሮጥኩ። «እስከ የካቲት ነው» አሉ። «ፈረንጆቹም በፌብሯሪ አንድ ቀን ይጨምራሉ። ያኔ እንታረቃለን።» ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ፌብሯሪ 29 የካቲት 21 ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ያለው ቅጠል ይተርፋል ማለት ነው። የሚቃጠለው ስድስት ወር ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። እኔ «ሁሉም ተበላሽቷል» ብዬ ነበር የገባሁት።

የሒሳብ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ ፋይል ይዞ መጣ። «እትዬ፣ እነሱም ፈርመዋል። ማኅተማቸው ይኸው። በሕግ እኛን የሚነካ ነገር የለም።» ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የባንኩ ማኅተም እንደ ፀሐይ ያበራል። እትዬ አዩትና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይሄ ለፍርድ ቤት ነው። እኔ የምሄደው ቢሮ ነው። ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስምንት ተኩል።»

«ጃንጥላ ያዢ።»

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል በእግራችን ወረድን። በዚያ ዝናብ ታክሲ መጠበቅ ቀን ማባከን ነው ብለው ነው። መንገድ ላይ ብዙ ያወራሉ ብዬ ነበር። አላወሩም። ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ ብቻ «እዚያ አንቺ አትናገሪም፤ ካላንደሩን ያዢ» አሉኝ።

የባንኩ ኃላፊ በጥሩ ፈገግታ ነው የተቀበሉን። ካላንደሩ የደረሰ መስሏቸዋል። እትዬ ሰላምታውን እንኳ አላስረዘሙም። «ተሳስተናል። ከመስከረም እስከ የካቲት የፈረንጆቹ ቀን አንድ አንድ ቀን ስቷል፤ ገናም በ28 መሆን ሲገባው 29 ላይ ነው። ስድስቱን ወር በራሳችን ወጪ እናትመዋለን። ጳጉሜን 3 ጠዋት እዚህ ይደርሳል።» ይኸው ነው። ይቅርታው ከዚህ በኋላ መጣ፤ እሱም አንዴ ብቻ።

ሰውየው ፈገግታቸው ጠፋ። «ማነው ያየው?» አሉ። እኔ ካላንደሩን አጥብቄ ያዝኩ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

ኃላፊው ተቆጡ፤ ረጅም ቁጣ። ለቦርዱ ቃል ገብተው ነበር፣ ለደንበኞች ሊላክ ነበር፣ ምናምን። እነሱም መፈረማቸውን አላስታወሱም፤ እትዬም አላስታወሷቸውም። ስንወጣ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። እትዬ ጃንጥላውን እየከፈቱ «እዚያ ስምሽን ብጠራ ካላንደሩ ይስተካከል ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም «ማታ ግን እንነጋገራለን» አሉ።

ከዚያ ቶሞካ አስገቡኝ። እዚያ ቡና ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ለሚያለቅስ ሰው አይመችም። ቡናዬን በጥድፊያ ጠጣሁ።

ማታ ተነጋገርን። እዚህ ላይ ሰዎች ሳወራላቸው እትዬን መልአክ ያደርጓቸዋል፤ መልአክ አይደሉም። ጮኹብኝ። በሩን ዘግተው ነው ግን።

«ፋሲካን ማንን ጠየቅሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።»

«ኢድን?»

«የጓደኛዬን አባት።»

«ገናንስ?»

ዝም።

«ሪሙን ያስቆጠርኩሽ ወረቀት ጎድሎብኝ መሰለሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማላውቀውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። የፈረስኩት የማውቀው የመሰለኝ ላይ ነው። እትዬ ግን በዚህ አላቆሙም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። በቀን ሃያ ወረቀት እፈርማለሁ» አሉ። ይህን ባይሉኝ ኖሮ፣ ባንኩ ውስጥ ያደረጉትን እንደ ውለታ እቆጥረው ነበር። ለካ የራሳቸውን ድርሻ ነው ያነሱት። ደረጃው ላይ ያላለቀሰ ሰው ይህን ልዩነት ላያየው ይችላል።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል። ዲዛይነሩን ምንም አላሉትም። የአምናን ፋይል ለኢንተርን ሰጥቶ ዞር ያለው እሱ ነው። ጠይቄያቸው ነበር። «እሱ ሲጮሁበት ይለቃል፤ ነሐሴ ላይ ዲዛይነር የት አገኛለሁ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ፍትሕ ግን አይመስለኝም። እኔ እሳቸውን ብሆን ጳጉሜን ላይ ባይሆን እንኳ መስከረም ላይ እጠራው ነበር።

የቀረውን በአጭሩ። የማተሚያው ፕሌት እንደገና ወጣ፣ ስድስቱ ወር እንደገና ታተመ። ከባዱ ሥራ የ600ውን ስፓይራል በእጅ መፍታት ነበር። እትዬ፣ አባባ፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ፣ እኔ፤ ሁለት ሌሊት። አንዱን ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት ፈታን። የተበላሹት ቅጠሎች ጀርባቸው ባዶ ስለነበር ተቆርጠው ማስታወሻ ደብተር ሆኑ፤ ግቢው ውስጥ ለወራት ሌላ ወረቀት አልተገዛም። ጳጉሜን 3፣ አርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ አስረከብን።

ባንኩ በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ለሌላ ማተሚያ ቤት ሰጠ። በፕሮፎርማ ዋጋ ተበለጥን። ይህን የሰማሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው፤ እትዬ በስልክ ነገሩኝና ሳቁ። «ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነበር፣ ሜዳልያ?»

ኢንተርንሺፑ ከማለቁ በፊት እትዬ አንድ ለውጥ አድርገዋል። የሥራ ትዕዛዝ ወረቀታችን ላይ የዲዛይነር፣ የአራሚና የኃላፊ ፊርማ ቦታ አለ። ከሥሩ አንድ መስመር በእስክሪብቶ ጨመሩ፦ «ካላንደር ከሆነ፣ ጥበቃ ያየው።» አባባ ደመወዛቸው ላይ ትንሽ ተጨመረላቸው። ስንት እንደሆነ አልነገሩንም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ሲቀመጡ ኮታቸውን ቆልፈው ነው።

ስሰናበታቸው አንድ የተስተካከለ ካላንደር ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወጡና መስከረምን አልፈው፣ ጥቅምትንም አልፈው፣ ታኅሣሥን ገለጡ።