«ቻክራሽ ተዘግቷል» ስለተባለችው የአክስቴ ልጅ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ዮጋ የሚያሠራት ሰው «የልብ ቻክራሽ ተዘግቷል» ብሎ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ እንደሸጠላት ነገረችኝ። ቻክራ በዮጋ ትምህርት በገላ ውስጥ አለ የሚባል የሕይወት ኃይል ማዕከል ነው። ድንጋዩን ማታ ማታ ደረቷ ላይ አድርጋ ለሃያ አንድ ቀን እንድትተኛ ታዛለች። «ጋሼ፣ አንተ ሕንድ አገር የኖርክ ሰው ነህ፤ የእውነት ይዘጋል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። በስልክ የሰጠኋት መልስ አጭርና ቁጣ የተቀላቀለበት ስለነበር፣ ረጋ ብዬ ልነግራት ይገባ የነበረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ በሕንዷ ከተማ ፑኔ በቆየሁበት ጊዜ፣ ከተከራየሁበት ቤት ማዶ ባለች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የሳንስክሪት፣ ማለትም የጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ መምህር ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለሰባት ለስምንት ሰው ዮጋ ያስተምሩ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ አቀማመጥና ስለ እራት ሰዓት እንጂ ስለ ቻክራ አንዲት ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ትዕግሥቴ አልቆ ብጠይቃቸው፣ «የየትኛውን መጽሐፍ ቻክራ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ጥያቄዬን የሸሹት መስሎኝ ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር።

ቻክራ መንኰራኩር ማለት ነው፤ ቁጥሩም እንደየመጽሐፉ ይለያያል። ሄቫጅራ ታንትራ የተባለው የቡድሂስቶች መጽሐፍ አራት ቻክራ ብቻ ሲያስተምር፣ ናት የሚባሉት የሕንድ ዮጊዎች መጽሐፍ ሲዳ ሲዳንታ ፓዳቲ ዘጠኝ ይቆጥራል። ዛሬ በየግድግዳው ተሰቅሎ የምናየው፣ ስድስቱ በአከርካሪ መስመር ላይ ሆነው ሰባተኛው አናት ላይ የተቀመጠበት ሥርዓት ደግሞ መልክ መያዝ የጀመረው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ኩብጂካ ለምትባለው እንስት አምላክ በተጻፉ ታንትራዎች፣ ማለትም የምሥጢራዊ አምልኮ መጻሕፍት፣ ውስጥ ነው። አንዱ የሰው ገላ አራትም፣ ስድስትም፣ ዘጠኝም ቻክራ ሊኖረው የቻለው ጸሐፊዎቹ የገላን ውስጥ ከፍቶ እንዳየ ሐኪም ስላልጻፉ ነው። ሠዓሊ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የትኛው ሥዕል የት እንደሚውል በሥርዓት እንደሚያውቅ፣ እነርሱም ተመሳጩ የትኛውን ፊደል፣ የትኛውን ቅርጽና የትኛውን አምላክ በገላው ላይ የት በሐሳቡ እንደሚያኖር ነው የሚያዝዙት። ቻክራ በፍለጋ የሚገኝ ሳይሆን በትኩረት የሚተከል ነገር መሆኑን የተረዳሁት የመምህሩ ጥያቄ ከገባኝ በኋላ ነው።

ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ፑርናናንዳ የተባለው የቤንጋል የታንትራ መምህር እ.ኤ.አ. በ1577 የጻፈው የስድስቱ ቻክራዎች መግለጫ ነው። መጽሐፉ በምዕራቡ ዓለም የታወቀው የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ጆን ውድሮፍ፣ አርተር አቫሎን በሚል የብዕር ስም፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በእንግሊዝኛ ካሳተመው በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ በየቦታው የሚነገረው አብዛኛው ትምህርት ከዚያ ትርጉም የተቀዳ ነው። በፑርናናንዳ አገላለጽ እያንዳንዱ ቻክራ የሎተስ አበባ ነው። ከታች የሚገኘው ሙላዳራ አራት ቅጠል አለው፤ ስዋዲሽታና ስድስት፣ እምብርት ላይ ያለው ማኒፑራ አሥር፣ ልብ ላይ ያለው አናሃታ አሥራ ሁለት፣ ጉሮሮ ላይ ያለው ቪሹዳ አሥራ ስድስት፣ በቅንድቦች መካከል ያለው አጅና ሁለት። ሲደመር ሃምሳ ይመጣል፤ ሃምሳው ደግሞ የሳንስክሪት ፊደላት ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል። አሥራ ስድስቱ አናባቢዎች በሙሉ ጉሮሮ ላይ ናቸው፤ ተነባቢዎቹ ከልብ ጀምረው በተራቸው ወደ ታች ይወርዱና የቀሩት ሁለቱ ቅንድብ ላይ ይቀመጣሉ። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሳይስቅ አይቀርም፤ ገላው እንዳለ የፊደል ገበታ ሆኗል።

በአምስቱ ዝቅተኛ ሎተሶች መካከል ደግሞ አምስቱ ባሕርያት ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስና ጠፈር። እያንዳንዱ ባሕርይ በአንድ ቅርጽ ይሣላል፣ በአንድ ድምፅም ይጠራል። የመሬት ቅርጽ ቢጫ አራት ማዕዘን ነው፤ የሚጠራበትም ድምፅ «ለም» ነው። መምህሩ መጀመሪያ ይህን ሲነግሩኝ በአማርኛ ለም መሬት ምን እንደሆነ ነግሬአቸው አብረን ሳቅን፤ እርግጥ መገጣጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ጠፍቶኝ አያውቅም። የልብ ሎተስ መካከል ላይ ያለው የነፋስ ቅርጽ ደግሞ በሁለት ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ የእኛ ሰው የሰሎሞን ማኅተም ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፣ ሆኖም ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የአክስቴን ልጅ ድንጋይ የሚመለከተው የቀለሙ ጉዳይ ነው። በፑርናናንዳ መጽሐፍ የልብ ቻክራ ቅጠሎች ቀይ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ኮከብም የጢስ መልክ አለው። የእምብርቱ ቅጠሎች ዝናብ እንዳዘለ ደመና የጠቆሩ ናቸው፤ የቅንድቡ ሎተስ እንደ ጨረቃ ነጭ ነው። ከታች ቀይ፣ ልብ ላይ አረንጓዴ፣ አናት ላይ ሐምራዊ እያለ ቀስተ ደመናን ተከትሎ የሚወጣው ቅደም ተከተል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ነው። ያም ሆኖ ቻክራን ከስሜት ጋር ማያያዝ ሙሉ በሙሉ የዘመናችን ፈጠራ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሻርንጋዴቫ የጻፈው የሙዚቃ መጽሐፍ የሎተሶቹን ቅጠሎች ከልዩ ልዩ የአእምሮ ጠባዮች ጋር ያዛምዳል። አረንጓዴውን ድንጋይ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አላገኘሁትም።

የሚዘጋው ነገርስ? መጻሕፍቱ ፕራና የሚሉት የሕይወት ነፋስ ናዲ በሚባሉ ቦዮች ይፈሳል፤ የቦዮቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 72,000 ይባላል። ሦስቱ ግን ከሁሉ ይበልጣሉ፤ በግራ ቀዝቃዛዋ የጨረቃ ቦይ ኢዳ፣ በቀኝ ትኩሱ የፀሐይ ቦይ ፒንጋላ፣ በመካከል ሱሹምና። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስዋትማራማ በጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ መሠረት፣ እንደ እባብ ተጠቅልላ የተኛችው ኩንዳሊኒ የተባለች ኃይል የመካከለኛውን ቦይ በር በአፏ ደፍናዋለች፤ ስለዚህ ነፋሱ በግራና በቀኝ ብቻ ይመላለሳል። ይህ የሁሉም ሰው ሁኔታ ነው። ዮጊው የሚደክመው እርሷን ቀስቅሶ በመካከለኛው ቦይ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች እያስፈታ ወደ ላይ ለማውጣት ሲሆን፣ በምትወጣበት ጊዜ መሬት በውኃ፣ ውኃ በእሳት፣ እሳት በነፋስ፣ ነፋስ በጠፈር ውስጥ እየሟሟ ይሄዳል። እንግዲህ «ተዘግቶብሻል» የተባለችው ልጅ የተነገራት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ለሻጩም ለእኔም እኩል ይነገራል።

መምህሩ በመጨረሻ ያስተማሩኝ በእጄ የምይዘውን ነገር ነው። ትንሽ መስተዋት በአፍንጫዬ ሥር አስይዘው ተንፍስ አሉኝ። መስተዋቱ ላይ ሁለት የእንፋሎት ክቦች ታዩ፣ የግራው ከቀኙ እጥፍ ይሆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ብሞክረው ተገላብጦ አገኘሁት። የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ በየተወሰነ ሰዓት አንዱ ወገን እያበጠ ሌላው እየሟሸሸ እንደሚፈራረቅ ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፏል፤ ዮጊዎቹ ግን ይህንኑ ፈረቃ ቀድመው አስተውለው የጨረቃና የፀሐይ ትንፋሽ ብለው ይከታተሉት ነበር። ልምምዱም ከዚህ ይነሣል፤ የቀኝ እጅ አመልካችና የመሐል ጣቶች ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣት ቀኙን ቀዳዳ ይዘጋል፣ የቀለበት ጣት ግራውን፤ በግራ ተስቦ በቀኝ ይወጣል፣ በቀኝ ተስቦ በግራ ይወጣል። እኔ በችኮላ ብቻዬን ሆኜ አራት ቆጥሬ እየሳብሁ፣ አሥራ ስድስት እየያዝሁ፣ ስምንት ቆጥሬ ማውጣት ጀመርሁና በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ጨልሞ ወለል ላይ ወደቅሁ። ስዋትማራማ ትንፋሽ እንደ አንበሳና እንደ ዝሆን ቀስ በቀስ ካልተገራ ባለቤቱን ይገድላል ሲል ቀልድ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። «ይህ ሳይንስ ነው፣ ከሃይማኖት ጋር አይነካካም» የሚሉ አሠልጣኞች አድማጫቸውን እያከበሩ አይደለም። በፑርናናንዳ መጽሐፍ ሙላዳራ ላይ ብራህማና ዳኪኒ ተቀምጠዋል፣ ከዚያም በላይ ያሉት ሎተሶች የየራሳቸው አማልክት አሏቸው። በኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ምስሎቹን በሐሳብ መትከሉን ትቼ ትንፋሹን ብቻ ይዣለሁ፤ መምህሩም ይህን ስነግራቸው አልከፋቸውም።

ለአክስቴ ልጅ ከትናንት በስቲያ እንደገና ደውዬ ስለ መስተዋቱ ብቻ ነገርኋት። ዛሬ ጠዋት በድምፅ መልእክት «የቀኙ ይበልጣል» አለችኝ። አሁን ማታ ደግሞ ሌላ መልእክት ልካለች፤ «ጋሼ፣ ግራው ሆነ!»