ከኦሮራ እስከ ሞዓብ፦ ለአርቪያችን ቲቪ ስንመርጥ

ለአርቪ፣ አልጋና ምድጃ ላለው የጉዞ መኪና፣ ቲቪ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን ይይ። እዚያ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ስንት ቮልት እንደሚፈልግና ስንት አምፒር እንደሚበላ ትናገራለች። የስክሪኑ ጥራት፣ ስማርት መሆን አለመሆኑ፣ ስሙ፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመጋቢት ቤተሰቤን ይዤ ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ወደ ዩታዋ ሞዓብ ስሄድ መንገድ ላይ ቲቪ መቀየር ነበረብን። ሐሳቡ ላለው ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መኪናችን ያገለገለ አርቪ ነው። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ መጸዳጃ አለው። የገዛነው ከአንድ ጡረታ ከወጣ ሰው ነው። የልጃችን ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቷል። እናቴ ደግሞ ከደብረ ሲና መጥታ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተዘግታ ነው ያሳለፈችው። ባለቤቴ "እማማን በረዶ ብቻ አሳይተን ልንመልሳቸው ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በነጋታው መጫን ጀመርን። ጾም ስለነበር ስንቁ ቀላል ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ከኦሮራ የተገዛ እንጀራ። ጀበናውም አልቀረም።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አይ-70 ወዲያው ተራራ መውጣት ይጀምራል። አይዘንሃወር ዋሻ ጋ ሲደረስ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ነው። የጫነ አርቪ እዚያ ላይ ያቃስታል፤ ቀኙን ይዞ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ እናቴ አማተበች። "ጣርማ በር በለኛ!" አለች። የደብረ ሲና ሰው ዋሻ ሲያይ ሌላ ምን ይላል? ጣርማ በርን ጣሊያን ነው የፈለፈለው፤ ይሄኛው የተከፈተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ትንሽ ዝም አለችና "ይሄስ መብራት አለው" ብላ ጨመረች።

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ግሌንዉድ ካንየን ውስጥ መንገዱ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ግራንድ ጃንክሽንን አልፈን ፍሩታ ላይ አደርን። ካምፑ መብራት ስላለው ገመዱን ሰካን፤ ባትሪዎቹም ቻርጅ መሆን ጀመሩ። ጣሪያው ላይ ያለውን አንቴና በእጄ አዙሬ አቆምኩትና ጣቢያ አስፈለግኩት። የግራንድ ጃንክሽን ጣቢያዎች ጥርት ብለው ገቡ። ልጄ ካርቱን አገኘ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስዕሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሸተተን። ቴስተሬን አውጥቼ መስመሩን ስለካው 14.4 ቮልት ይላል። ቲቪውን ፈትቼ ጀርባውን አየሁ። "12 ቮልት" ብቻ ነው የሚለው። የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ተራ የቤት ቲቪ ነው። ከግድግዳ ሶኬት መብራት ወስዶ 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ነበረው። ሰውዬው አዳፕተሩን ቆርጦ ጥሎ ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው መስመር ላይ አስሮታል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዳፕተሩ የሚሰጠው 12 ቮልት አይወጣም አይወርድም። የመኪና 12 ቮልት ግን ስሙ ነው እንጂ 12 ላይ አይቆምም። የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ወይም 12.7 ነው። ግማሹ ሲያልቅ ወደ 12.1 ይወርዳል። ሞተሩ ሲነሳ፣ ወይም ቻርጀሩ ሲሰካ፣ 14.4 ይደርሳል። ሊትየም ያስገቡ ሰዎች ዘንድ ደግሞ 14.6 ይታያል። በአንድ ቀን ውስጥ ከሁለት ቮልት በላይ ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው። ለአምፖል ምንም አይደለም። ለ12 ብቻ ለተሠራ የቲቪ ሰርኪት ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ዓመት ይታገሳል። አንዳንዱ እንደኛው በአንድ ማታ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቲቪ ጥገና ቤት ሠርቻለሁ። ያኔ ከገጠር ባለ 14 ኢንች ጥቁርና ነጭ ቲቪዎች ይመጡልን ነበር። መብራት በሌለበት አገር በመኪና ባትሪ ነው የሚታዩት። ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ተገላብጦ ተሰክቶባቸው ተቃጥለው የሚመጡት ብዙ ነበሩ። አገር ምድሩ ቢቀየርም ባትሪና ቲቪ ሲገናኙ የሚፈጠረው ጣጣ አልተቀየረም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግራንድ ጃንክሽን ተመልሰን የአርቪ ዕቃ መሸጫ ገባን። ባለቤቴ "ለጥቂት ቀን ያለ ቲቪ ብንሆንስ?" ብላ ነበር። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ተፈጥሮ ለማየት ሄዶ ቲቪ ምን ያደርጋል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በመጋቢት በረሃው ቀን ይሞቃል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ብርዱ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። ሕፃንና አሮጊት ይዞ ውጭ እሳት ዳር እስከ እኩለ ሌሊት አይቀመጥም። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አትሰማም። ቀኑን ሙሉ በማታውቀው ቋንቋ መሐል ዋለች፤ ማታ የራሷን ነገር ብትሰማ ምን አለበት? ለእኔ ይህ ቅንጦት አይደለም።

መደብሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው ባለ 32 ኢንች የቤት ቲቪ ነው። ርካሽ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ዓይን ይስባል። ግን በ120 ቮልት ነው የሚሠራው። መብራት በሌለበት ካምፕ ኢንቨርተር ይፈልጋል። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ሲያወጣ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉን በሙቀት ያባክናል። ቲቪው ውስጥ ደግሞ መልሶ ወደ ታች ይቀየራል። አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት አምፒር ይበላል። ይህ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ቲቪ ከሚበላው ብዙም አያንስም! ሁልጊዜ መብራት ባለበት ካምፕ የሚያድር ሰው ግን ይህን ቢገዛ አይከፋም፤ ገንዘቡን ያተርፋል።

ሁለተኛው እንደ ሞተብን ያለ ባለ አዳፕተር ነው። ይህንንም በባትሪ ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን መሐል ላይ ቮልቱን 12 ላይ አጥብቆ የሚይዝ ትንሽ ማስተካከያ መግባት አለበት። አዳፕተሩ ላይ 19 ቮልት የሚል ከሆነ ደግሞ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ያስፈልገዋል። እጁ ለሽቦ ለለመደ ሰው ጥሩ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ለአርቪ ተብሎ የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄንሰንና ፉሪየን፣ እንግሊዝ አገር አቭቴክስ በዚህ ይታወቃሉ። ዋጋው ለተመሳሳይ መጠን ከቤት ቲቪ እጥፍ በላይ ነው። ሻጩ ልጅ ስለ ስክሪኑ ሲነግረኝ መመሪያውን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። የኃይል ክፍሉ ላይ "ከ10 እስከ 16 ቮልት" ይላል። የምፈልገው ይህንን መስመር ነው። ከላይ ቻርጀሩን፣ ከታች የደከመ ባትሪን ይችላል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ "12 ቮልት" ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም። የሞተብንም 12 ይል ነበር።

ባለ 24 ኢንች ወሰድን። ከሶፋው እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ከዚህ በላይ ቢሆን ዓይን ያደክማል፤ ቁም ሳጥኑም አያስገባውም። ከጎን ሲታይ ስዕሉ እንዳይጠቁር አይፒኤስ ስክሪን መሆኑን አየሁ። እናቴ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ነው የምታየው፤ ልጁ ጠረጴዛው ጋ ነው፤ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው የለም። የዩኤስቢና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዳለውም አረጋገጥኩ። ስማርት አልፈለግኩም። ኢንተርኔት በሌለበት ሸለቆ ስማርት ቲቪ ምን ያደርግልኛል?

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ላንሳ። የአሜሪካ ቲቪ በአንቴና የሚቀበለው ኤቲኤስሲ የሚባለውን ሥርዓት ነው። አውሮፓ ዲቪቢ ነው። ከአሜሪካ ያመጣችሁት ቲቪ እዚያ በአንቴና ጣቢያ አይዝም፤ በኤችዲኤምአይ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲገናኝ ግን ይሠራል።

ወደ ሞዓብ ሲገባ አገሩ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ያደርነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በመንገድ 128 ላይ፣ ወንዙ ዳር ቢግ ቤንድ በሚባለው ካምፕ ነው። ውሃ የለም፤ መብራት የለም። ቀዩ ገደል ከሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስልክም አንቴናም ምንም አይዙም።

ቲቪውን የገጠምኩት እዚያ ነው። የድሮው ሽቦ ቀጭን ነበር። ባትሪው ያለው ከፊት ነው፤ ቲቪው ከኋላ። በቀጭን ሽቦ ይህን ያህል ርቀት ሲኬድ ከግማሽ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ወፈር ያለ ባለ 14 ጌጅ ሽቦ ዘረጋሁ። ባትሪው ጋ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ አስገባሁ። ቀይና ጥቁሩን ሁለቴ በቴስተር አይቼ ነው የሰካሁት። የአርቪ ግድግዳ ስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ብሎኑን ከኋላው እንጨት ያለበት ቦታ ፈልጌ አሰርኩ። ማሰሪያው ክንዱን የሚቆልፍ ምላስ አለው። ያ ከሌለ ኮረኮንች ላይ ቲቪው እየተወዛወዘ ራሱን ይነቅላል።

ማታ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ቤት ሳለን ቅዳሴውንም፣ መዝሙሩንም፣ የምትከታተላቸውን ድራማዎችም ፍላሽ ላይ ጭኜላት ነበር። ቅዳሴውን ከፈትኩላት። ድምፁ አልተሰማትም። የስስ ቲቪ ስፒከር ወደ ታች ነው የሚናገረው፤ የማሞቂያው ማራገቢያ ደግሞ ያጓራል። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ አንድ ገመድ አውጥቼ ከመኪናው ስፒከሮች ጋር አገናኘሁት። "አሁን ገባኝ ልጄ" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አላወራም፤ ተሰጥኦውን እሷ ብቻ ትመልሳለች።

ባትሪውን እየለካሁ ነበር። ቲቪው የሚበላው 2.2 አምፒር ነው። ሦስት ሰዓት ቢበራ ሰባት አምፒር-ሰዓት አይሞላም። ሁለት ባትሪ አለን፤ እያንዳንዱ 80 አምፒር-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ከ160ው የሚሠራበት 80ው ብቻ ነው። ትልቁ በላተኛ ማሞቂያው ነው። ማራገቢያው ሲሠራ 8 አምፒር ይስባል። ሌሊቱን በጠቅላላ አራት ሰዓት ቢሠራ 32 ነው። ስለዚህ ሌሊት በብርድ ላለመነሳት ቲቪው ላይ መቆጠብ ያስፈልጋል። ኢንቨርተር ይዘን ቢሆን ኖሮ ድራማው መሐል ላይ አጠፋባት ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው 200 ዋት ሶላር በመጋቢት ፀሐይ በቀን ወደ 60 አምፒር-ሰዓት ይመልሳል። ሒሳቡ ገጠመ።

ቀን ቀን አርችስ ፓርክ ነበርን። እናቴ ዊንዶውስ የሚባሉት ቅስቶች ሥር በራሷ እግር ደረሰች። ባላንስድ ሮክን ስታይ "ይሄን ማን አስቀመጠው?" አለች። ዴሊኬት አርች ድረስ መውጣቱ ለእሷ ከባድ ስለሆነ ከታች ካለው ማያ ቦታ በሩቁ አሳየናት። ልጄ ከባለቤቴ ጋር እስከ ላይ ወጥቶ መጣ።

በመጨረሻው ማታ ከጎናችን የሰፈረ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ቲቪያችንን የት እንደገዛነው ጠየቀን። የእሱ ቲቪ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር እየጠፋ ይበራል። አዲስ ሊገዛ አስቧል። ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። ባትሪው ላይ 12.3 አለ፤ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ጋ፣ ቲቪው የተሰካበት፣ ማሞቂያው ሲነሳ 11.2 ይላል። ቲቪውን አዙሬ ጀርባውን አየሁ። ጤነኛ የአርቪ ቲቪ ነው፤ ግን ከ11.5 በታች አይሠራም። ከእኛ የተረፈው ሽቦ ነበር። ሶኬቱን ትተን ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ በኩል አዲስ መስመር ዘረጋንለት። ማሞቂያውን አስነሳው። ቴስተሩ 12 ላይ ቆመ፤ ቲቪውም አልጠፋም። ሊገዛ ያሰበውን ተወው። ባለቤቴ ቡና እንዲጠጣ ጠራችው፤ እስከ ሦስተኛው ድረስ ተቀምጦ ስለ ሶላር ሲጠይቀኝ አመሸ።