ጋቢናና ካሶኒ አንድ አካል ሲሆኑ

እ.ኤ.አ. የ1982 ሱባሩ ብራት ናት። ከፊት ሲያይዋት አውቶሞቢል፣ ከኋላ ሲዞሩ የጭነት መኪና። ስገዛት ውጭ ቆማ ዝናብ ሲወርድባት ኖራለች።

መጀመሪያ ቸኮልኩ። ካሶኒው ጥግ ላይ፣ ልክ ከጋቢናው ጀርባ፣ ትንንሽ የዝገት ነጥቦች ነበሩ። ፈግፌ ስቱኮ ለቀለቅኩበትና ቀለም አስቀባኋት። ሦስት ወር ሳይሞላ ቀለሙ አረፋ አወጣ። በጠመንጃ መፍቻ ጫን ሳደርገው ጫፉ ገባ። ላሜራው ከሥር አልቋል!

ሻንሲ (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ የተቀመጠ ፒክአፕ ቢሆን ኖሮ ቡሎኑን ፈትቶ ካሶኒውን ማውረድ ነበር። ብራት ግን አንድ አካል ናት። ጥጉ ሲበሰብስ መላ መኪናዋ ትላላለች።

ይህ አሠራር አመጣጡ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1934 አውስትራሊያ፣ ጂሎንግ ከተማ፣ የፎርዱ ወጣት ንድፍ ሠሪ ሉዊስ ባንት የጋቢናውንና የካሶኒውን ጎን አያይዞ ሠራ። አንዲት የገበሬ ሚስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደን፣ ሰኞ አሳማ ወደ ገበያ የሚያደርስልን መኪና ሥሩልን ብላ ጽፋ ነው ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ራንቼሮ በ1957፣ ሸቭሮሌት ኤል ካሚኖ በ1959 ተከተሉ። ብራት በ1978 ስትመጣ አሜሪካ ከውጭ በሚገባ የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ትጥል ነበር። ሱባሩ ካሶኒው ውስጥ ወደ ኋላ የሚያዩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ገጠመና የሰው መኪና ተብላ ገባች። የእኔዎቹ እስከ መያዣ እጀታቸው አሉ። ሮናልድ ሬጋንም እርሻቸው ላይ ቀይ ብራት ነበረቻቸው።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። የበሰበሰውን ጥግ በአንዴ ቆርጬ አነሳሁት። በማግስቱ የግራው በር አልዘጋ አለ። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቷል፤ አካሏ ረግቧል ማለት ነው። በያጁ በክሪክ ቀስ እያለ አነሳት። በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ብረት አጋድሞ በየደና በሜትር ከጥግ እስከ ጥግ ለካ። ከዚያ በኋላ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ እየቆረጥን ቀየርን። ብየዳውም ነጥብ ነጥብ ነው፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ ወዲያ። ላሜራ አንድ ቦታ ላይ ከጋለ ይጣመማል። ብየዳው ሲያልቅ የውስጡን ባዶ ቦታ ሰም ነፋንበት።

ፎርድ ማቬሪክና ሀዩንዳይ ሳንታ ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመጡ ከልቤ ደስ አለኝ። ሁለቱም ያለ ሻንሲ፣ በአንድ አካል የተሠሩ ናቸው። የብራዚሏ ፊያት ስትራዳማ ያን ዓመት በአገሯ ከመኪና ሁሉ በላይ ተሸጣለች። አሮጌውን ዓይነት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ማግኔት ይዞ ካሶኒው ጥግ ላይ ያስጠጋ። ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው።

የእኔዋን ውኃ ያበላሻት የካሶኒው መውረጃ ቀዳዳ በቅጠል ተደፍኖ ነው። አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር በሽቦ እጠርገዋለሁ።