ፍምና ገለባ

ግንቦት ላይ ደብረ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል። ሰማዩ ከጠራ ከግቢያችን በስተደቡብ፣ በዓባይ በረሃ በኩል፣ ሴንታውረስ የሚባሉት ከዋክብት ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ባለፈው እንዲሁ ጠፍቶ እናቴ ምድጃው ላይ ጭብጥ ገለባ ጣል አደረገች። ቦግ አለ። ወዲያው ከሰመ። ፍሙ ግን እንዳለ ነው። ያኔ የምወደውን ወሬ ጀመርኩላት።

በዚያ አቅጣጫ፣ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ ሴንታውረስ ኤ የሚባል ጋላክሲ፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ አለ። አጠገቡ ያለ አንድ የኤክስሬይ ምንጭ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 100 እጥፍ ያህል ይደምቃል። 1 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኤክስሬይ አየራችንን አልፎ መሬት አይደርስም። ስለዚህ ያዩት ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባሉ የጠፈር ቴሌስኮፖች ናቸው። ግኝቱ የታተመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

«ኮከብ ሲሞት ይሆናላ» አለች።

አይደለም እማ። የሞተ ነገር ደግሞ አይነሳም፤ ይኼ ግን ደጋግሞ ቦግ ብሏል። ማግኔታር እንዳንለው ማግኔታር ገና ወጣት የሆነ፣ እጅግ የታመቀና ኃይለኛ መግነጢስ ያለው ኒውትሮን ኮከብ የሚባል ዓይነት ነው፤ ይኼኛው የሚኖረው ያረጁ ከዋክብት በታጨቁበት ሰፈር ነው።

«እሺ፣ ገለባውን ማን ይጥልበታል?»

ልክ ጥያቄው እሱ ነው! አንዱ ግምት ጥቁር ጉድጓድ፣ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል፣ ከጎረቤት ኮከብ ጋዝ እየሳበ በየጊዜው ይጎርሳል የሚል ነው። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። መብራት እስኪመጣ ድረስ ስለ ጎረቤቱ ኮከብ ስትጠይቀኝ አመሸች።